ካሜራ ያልዞረበት ማሳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ከውጫሌ በታች በሚገኝ ማሳ ላይ ቆሜ ያላረጋገጥኩትን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጌ ተናገርኩ። «ከነገ ወዲያ ዝናቡ ይገባል፤ ትንበያው እንደዚያ ነው» አልኩ። ትንበያ አልሰማሁም ነበር። በዚያ ቃል የተነሳ የአንድ ማሽላ ዓይነት የመጨረሻ ዘር ተዘርቶ ጠፋ።

ይህን ጽሑፍ እስክጀምር ድረስ ነገሩን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለአለቆቼ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህንን ዘልዬዋለሁ። ለምን ለእናንተ እነግራችኋለሁ? ስለማታውቁኝ ይሆን? ወይስ ያን ጊዜ የዋሸሁት በመጨረሻ ለእናንተ ስለሆነ? መልሱን በእርግጠኝነት አላውቅም። የማውቀውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

የቴሌቪዥን ዘጋቢ ነኝ። በሥራው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ የሚያውቁኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ «በምን አረጋገጥክ?» ይህን ጥያቄ ጠይቄ የመለስኩት ዜና ብዙ ነው፤ በጥያቄዬ የተነሳ ያኮረፈኝም ሰው አለ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ሌላ ሰው ቢያደርገው አለማወቅ ሊባል ይችል ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት አለ። በዚያን ጊዜ ሙዚየም ነበር። የእስጢፋኖስ ገዳም የራሱ የቅርስ ቤት አለው፤ ይኼኛው ሌላ ነው። የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው የከፈቱት፣ ሁለት ክፍል ያለው ትንሽ ነገር ነበር። ኃላፊዋ ተዋበች ትባላለች፤ ቀድሞ በትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች።

በመጀመሪያው ክፍል አንድ የደረቀ ታንኳ ነበር። አጠገቡ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ ያስሩበት የነበረ ግንድ ቆሟል። ግንዱ የተነቀለበትን ቦታ ሄጄ አይቻለሁ፤ የሐይቁ ውሃ አሁን ከዚያ ሸሽቶ፣ በመካከል ሰው ሽንኩርት ተክሎበታል። ሁለተኛው ክፍል ግን እስከዚያ ቀን ያየሁትን ሙዚየም ሁሉ አይመስልም ነበር። መሐሉ ላይ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ እሳት፣ ከእሳቱ በላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ደግሞ የማሽላ ዘለላዎች ተንጠልጥለው ይጨሳሉ።

ካሜራ ያዡ ባልደረባዬ ዓይኑን እያሸ «እዚህ ቤት የሚጠበቀው ቅርስ ነው ወይስ ቋንጣ?» አለ።

«ሳቅ አንተ! ነቀዝ ቲኬት ቆርጦ አይገባማ» አለችው ተዋበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአምባሰል ገበሬ ቤት ለዘር የሚሆን ማሽላ ከአጨዳ በፊት፣ ማሳው ላይ እንደቆመ፣ በዓይን ተመርጦ ይቆረጣል። ከዚያ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። አሁን ግን ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ማብሰያው ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ዘር የሚሰቀልበት ጭስ ያለው ጣሪያ ጠፍቷል። ዝናቡ ደግሞ እንደ ድሮው በወቅቱ አይገባም፤ ገብቶም ቶሎ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጉት ቶሎ የሚደርሱ የድሮ ማሽላዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ምርታቸው አነስተኛ ነው እየተባሉ ሲተዉ ኖረዋል። ተዋበች እነዚህን ከየገበሬው እየለመነች ሰበሰበች፣ ሰቀለች፣ እሳት አነደደችላቸው። ለሚፈልግ ገበሬ ታበድራለች፤ ገበሬው ሲያጭድ የተሻለውን ዘለላ መርጦ ይመልሳል።

«ሌላው ሙዚየም አትንኩ ይላል» አለችኝ፤ «እኛ ውሰዱና መልሱ ነው የምንል።»

ሙዚየም ለአየር ንብረት ለውጥ ምን ያደርጋል የሚል ዘገባ እንድሠራ ተልኬ ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ የትም አላገኝም ብዬ አሰብኩ። አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ከተሰቀሉት ሁሉ አንዱ «ድረስልኝ» ይባላል። ቀይ ነው፣ ዘለላው አጭር ነው፣ ከሌላው ማሽላ ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በአካባቢው ይህ ዘር የቀረው በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንደነበር ከአንድ በላይ ገበሬ ነግሮኛል። ሰውየው ከውጫሌ በታች የሚኖሩት አያ ይማም ናቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ መስቀያ ቢያጡ ለተዋበች አደራ ሰጧት። በዚያ ዓመት ዘሩን ወስደው ሊያባዙ ተስማምተው ነበር።

ሙዚየሙ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ዘር ለመዝራት ሲወርድ ግማሹ እንደተሰቀለ ይቀራል። የተዘራው ቢበላሽ እንኳ የቀረው አለ።

የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ምን እንደነበር መናገር አለብኝ። የከተማው አስተዳደር ቤቱን ለመጋዘን ይፈልገው ነበር፤ ሙዚየሙ ምን ጥቅም አለው የሚል ጥያቄም ተነስቷል። የተዋበች ጉዳይ ቤቱ እንዳይወሰድ ነበር። የአያ ይማም ጉዳይ ዘራቸው ወደ ማሳቸው እንዲመለስ ነበር። የእኔስ? የእኔ ጉዳይ ምስል ነበር። መኪናው ከሰዓት በፊት ወደ ደሴ መመለስ ነበረበት፤ ዘገባው ለሳምንቱ መጨረሻ ተይዞለታል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከሙዚየም የወጣ ዘር ሲዘሩ የሚያሳይ ምስል እፈልግ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

ጠዋት ከሐይቅ ስንነሳ ተዋበች ከድረስልኝ ዘለላ ግማሹን አውርዳ ሰፌድ ላይ አድርጋ ነበር። አየሁት። ሰፌዱ ላይ እምብዛም አይታይም።

«ሁሉንም አውርጂው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ግማሹ ይቀራል። ደንባችን ነው።»

«ለምስሉ ብቻ ነው። ተመልሶ ይሰቀላል።»

ትንሽ አመነታች። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥታ የቀረውን አወረደችው። እኔ ነኝ አውርጂ ያልኳት። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በኋላ እንደምታዩት፣ መናገር በነበረብኝ ቦታ አልተናገርኩምና። እኔ ነኝ አውርጂ ያልኳት።

ተዋበችን ይዘን ማሳው ላይ ስንደርስ አያ ይማም ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው መጫር ጀመሩ። ከጥቂት ቀናት በፊት ካፊያ ጥሎ ነበር። በዚያ አገር ገበሬ ከመዝራቱ በፊት ክንዱን ጉድጓድ ውስጥ ያስገባል፤ እርጥበቱ እስከ ክርን ካልደረሰ አይዘራም። አያ ይማም ክንዳቸውን አውጥተው አፈሩን አራገፉና አሳዩን። የረጠበው ከእጅ አንጓቸው ብዙም አላለፈም።

«ገና ነው። ይህን የመሰለ እርጥበት አታላይ ነው፤ አብቅሎ ይተውሃል። ኢንሻአላህ ሌላ ቀን ኑ» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «አያ ይማም፣ ከነገ ወዲያ ዝናቡ ይገባል፤ ትንበያው እንደዚያ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ተነግሯል?»

«ተነግሯል።»

አንድ ጊዜ ቢሆን ምላስ አዳለጠኝ እል ነበር። ሁለት ጊዜ ነው። «ተነግሯል?» ሲሉኝ መልሼ «ተነግሯል» አልኩ። ማን ተናገረ? የት? መቼ? አንድ ወጣት ዘጋቢ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ቢያመጣልኝ የምጠይቀው ይህንን አልነበረም?

አያ ይማም ክንዳቸውን ሲያምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ታዲያ ለምን እኔን አመኑ? አንደኛ፣ እንግዳ ነኝ፤ ያን ያህል መንገድ የመጣን እንግዳ በባዶ እጁ መመለስ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ከመገናኛ ብዙኃን የመጣሁ ነኝ፤ የምናገረውን የማውቅ መስያቸዋለሁ። «እንግዲያ ቢስሚላህ» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም ቆመን አሚን አልን። እኔም አሚን ብያለሁ።

ዘለላውን በሰፌዱ ላይ አሽተው ፍሬውን ለዩት። ከዚያ እያፈሱ ይበትኑ ጀመር። ግማሽ ያህሉን እንደዘሩ የማሳውን ጥግ እንኳ ሳይሸፍኑ ቆሙ። ካሜራ ያዡ ገና ቦታ ይዞ መስተካከሉ ነበር።

«ይቀጥሉ» አልኩ።

ተዋበች ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ያ እኮ የሚመለሰው ነው» አለችኝ።

«ዝናቡ ይገባል ተብሏል፤ ምን ያሰጋሻል? ይልቅ ቤትሽን የሚያድንልሽ ይህ ምስል ነው» አልኳት።

አያ ይማም ቀጠሉ። ሰፌዱ ባዶ ሆነ። ምስሉ ያምር ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ሽማግሌው እጃቸውን ሲወረውሩ፣ ፍሬው በጠዋቱ ብርሃን ሲበተን፣ ከኋላ የአምባሰል ተራራ። ዘገባው በሳምንቱ መጨረሻ ተላለፈ። ተዋበች ደውላ አመሰገነችኝ።

ከነገ ወዲያ ዝናብ አልገባም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልገባም። በካፊያው የበቀለው ቡቃያ ጥቂት ቀን ለምልሞ ቆየ፣ ከዚያ ጠወለገ፣ ከዚያ ደረቀ። ዝናቡ የገባው ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ተዋበች ይህን ሁሉ በየጊዜው በስልክ ትነግረኝ ነበር። «ትንበያው ምን ይላል ጋሼ?» ብላ የጠየቀችኝም ጊዜ አለ። ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ አልኳት። አልደወልኩም።

በጥቅምት ተመልሼ ሄድኩ። አለቃዬ ያ የሙዚየም ዘር ምን ላይ ደረሰ ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። የአያ ይማም ማሳ ባዶ ነበር፤ አረም ብቻ ይታይበታል። ከማሳው በስተግራ ግን፣ ድንበር ብቻ የሚለየው የጎረቤት ማሳ አለ። ባለቤቱ እርጥበቱ ክርን እስኪደርስ ጠብቆ፣ በሐምሌ መጨረሻ የራሱን ሌላ ዘር ዘርቷል። ማሽላው ዘለላ አውጥቶ ቆሟል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለቤቱን አነጋግሬ የዘራበትን ጊዜ አረጋግጫለሁ።

ካሜራ ያዡ ባዶውን ማሳ ቀርጾ ወደ ግራ ሊዞር ሲል እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ።

«በቃ» አልኩት።

«ያኛውስ? አጠገቡ እኮ ነው።»

«እሱ ሌላ ታሪክ ነው።»

አየኝና ካሜራውን አወረደ። ከዚያ በኋላም ነገሩን አንስቶብኝ አያውቅም።

ዘገባውን እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ለአየር ንብረት ለውጥ መልስ ይሆናል የተባለው ዘር በራሱ በአየር ንብረት ለውጥ ተሸነፈ።» ባልደረቦቼ ዓረፍተ ነገሩን ወደዱት። ስለ አየር ንብረት አዘጋገብ በተሰጠ ሥልጠና ላይ እንድናገርም ተጋበዝኩ፤ ሄጄም ተናገርኩ። ስለ ማረጋገጥ ነበር የተናገርኩት።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። አየሩ አልተለወጠም እያልኩ አይደለም። ሐይቁ ሸሽቷል፣ ዝናቡ ተዛብቷል፤ ይህን ገበሬውም ዓሣ አጥማጁም ያውቀዋል። የእኔ ውሸት የተደበቀው ይህ እውነት ስለሆነ ነው። በትልቅ እውነት ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፤ ማንም አላየውም። ያንን ማሽላ ድርቅ አላጠፋውም። ድርቅን ሊያልፍ የሚችል ዘር ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ለመዘገብ ተጠርቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ስብሰባው እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ፣ በምድጃው ዙሪያ ነው። አንድ የኮሚቴው አባት ተነስተው ተዋበችን ጠየቋት።

«ተዋቡ፣ ደንቡ ግማሹ ይቀራል አይደለም እንዴ? ሁሉንም ማን አውርጂ አለሽ?»

«ማንም» አለች። «እኔ ነኝ ያወረድኩ።»

«ምን ነካሽ?»

«ተሳሳትኩ አባቴ። በእስጢፋኖስ፣ ለክፋት አይደለም።»

ወደ እኔ አልዞረችም። ብትዞር ምን አደርግ ነበር? አልናገርም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ግን ይህ ግምት ነው። የተረጋገጠው አለመናገሬ ነው። ክፍሉ ትንሽ ነበር። አፌን ብከፍት ሁሉም ይሰማኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ እኔ ነኝ ያስወረድኳት፣ ዝናብ ይገባልም ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የካሜራውን መቆሚያ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘር ያስቀመጡ ገበሬዎች እየመጡ መውሰድ ጀመሩ። አንዷን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ከወደ ማርዬ የመጣች ሴት ናት። ዘለላዋን በነጠላዋ ቋጥራ «አትቀየሚኝ እህቴ፤ ጭስማ እኔም ቤት አለ» አለቻት። ተዋበች አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ቋጠሮው እንዳይፈታባት አጠበቀችላት። እንጨቱ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። አስተዳደሩ ቤቱን ወሰደ። ታንኳው ወደ ሌላ ግቢ ተወስዶ ውጭ ተቀመጠ። ተዋበች አሁን በከተማው የጽሕፈት መሣሪያ ትሸጣለች።

ዘሩን ፈልጌያለሁ። በአምባሰልና በአጎራባች ወረዳዎች ገበያዎች እየዞርኩ ጠይቄያለሁ፤ የግብርና ሰዎችንም ጠይቄያለሁ። የሚያውቁት አሉ፤ ያለው ግን አላገኘሁም።

ባለፈው ግንቦት አያ ይማም ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት።

«አያ ይማም፣ ያኔ ስለ ዝናቡ የነገርኩዎት ነገር…» አልኩ።

«እሱን ተወው በሞቴ!» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ዝናቡን አንተ አልያዝከው። ራስህ በቴሌቪዥን ነግረኸን የለም እንዴ? ያየር ለውጥ ነው። ቀደር ነው፤ አላህ የወሰነው።»

«እኔ ግን…»

«ወላሂ እኔስ ያዘንኩት ላንተ ነው። ያን ያህል ደክመህ መጥተህ!» ከዚያ ሳቁ። «ልጆቹ ደሴ ሆነው አይተውኝ፣ አባባ በቴሌቪዥን ወፍረሃል አይሉኝ መሰለህ!»

እኔም ሳቅኩ። ውሃ አመጡልኝ፣ ጠጣሁ። የዋሸኋቸውን ውሸት መልሰው ማጽናኛ አድርገው ሰጡኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። አመስግኜ ወጣሁ። እስከ ውጫሌ ድረስ በእግሬ ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ወደ ኋላ ለመመለስ አሰብኩ። አልተመለስኩም።

ቸኩዬ ነበር ማለት እችላለሁ። ክፉ አላሰብኩም ማለት እችላለሁ። ሳልዋሽም ዘሩ ሌላ ዓመት ሊጠፋ ይችል ነበር ማለት እችላለሁ። እነዚህን ሁሉ ለራሴ ብያቸዋለሁ፤ አንዱም አይሠራም። ግማሹ በምድጃው ላይ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ዘሩ ይኖር ነበር። ግማሹ ያልቀረው እኔ ስላልኩ ነው። ይቅርታም አሁን አልጠይቅም። የበደልኳቸው ሰዎች በደሉን ሳያውቁት የሚሰጡኝን ይቅርታ አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀበልም። መጀመሪያ ይወቁ።

ሁለተኛው ዘገባ እንዲታረም ለአለቆቼ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት አልታረመም። ይህንን ጽሑፍ ለተዋበች ልኬላታለሁ። ደርሷታል፤ አንብባዋለች። መልስ አልሰጠችም። ለአያ ይማም ልጃቸው እንድታነብላቸው ሰጥቻለሁ፤ ማንበብ አለማንበቧን አላረጋገጥኩም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ውጫሌ ደውዬ ጠየቅኩ። አያ ይማም ዘንድሮ በዚያ ማሳ ላይ የዘሩት ከገበያ የገዙትን በቆሎ ነው።